እኩል ዕድል፦ የሚያዝያ 12 ጥያቄ

መንግሥት ለዜጎቹ ሁሉ እኩል ዕድል የማረጋገጥ ግዴታ አለበት ወይ? የራሳችን ታሪክ መልስ አለው።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በዜጎች መካከል መድልዎ እንዳይኖር ደንግጎ ነበር። ያው ሰነድ ግን በአንቀጽ 126 አንዲትን ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ አደረገ። በዓሎቻችን ብሔራዊ እውቅና አልነበራቸውም። በከፍተኛ ሹመት ላይ ሙስሊም ማየት ብርቅ ነበር። መጠሪያችንም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር፤ የቤቱ ልጅ እንግዳ ተባለ ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ከመቶ ሺህ በላይ የተገመተ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም ተቀላቀሉ። ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት፣ የበዓላት እውቅና፣ የመሬት ባለቤትነትና በመንግሥት ሥራ በእኩልነት መሳተፍ ይገኙበታል።

በ1967 ሦስቱ በዓላት ታወቁ፤ የገጠር መሬትም ታወጀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 25 እኩልነትን ደነገገ። መጅሊሱ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012፣ ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። መብት መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የትምህርት ቤቱን፣ የፍርድ ቤቱንና የሥራውን በር ለሁሉም ከፍቶ የሚጠብቅ መንግሥት ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል ሀብት ይኑረው አላልንም፤ ማንም በእምነቱ ምክንያት ከበሩ አይመለስ አልን እንጂ። ለራሳችን የጠየቅነውንም ለሌላው፣ ለሴት ልጆቻችንም ጭምር አንንፈግ።

አላህ ከፍትሐዊያን ያድርገን።