ከነጩ ሥር ያለው ሰማያዊ

ለሠርግና ለለቅሶ የምናከራያቸውን ዕቃዎች ባለፈው ወር ስንቆጥር ክርክር ተነሥቶብን ነበር። ግማሾቻችን «የተላጡት ሳህኖች ይጣሉ» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «የእናቶቻችን ሳህን ከፕላስቲክ በምን ያንሳል?» ብለን ተሟገትን። በኋላ ቅቡ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ታሪኩን አገላበጥን።

ኢናሜል የምንለው ቅብ ብርጭቆ ነው። አሸዋ፣ ቦራክስና ሶዳ አብረው ይቀልጣሉ፤ ከዚያም ውኃ ውስጥ ሲገቡ ይሰባበራሉ። ስብርባሪው ከሸክላ አፈርና ከውኃ ጋር ተፈጭቶ ብረቱ ይቀባበታል፤ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚግል ምድጃም ይተኮሳል። አፈሩ ዱቄቱ እንዳይዘቅጥ ይይዘዋል። ችግሩ፣ ብርጭቆ ብቻውን ብረትን አጥብቆ አይዝም። ጥቂት ኮባልት ሲጨመርበት ግን ይጣበቃል፤ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው ይበቃል። ኮባልት ደግሞ ብርጭቆን ሰማያዊ ያደርጋል። ስለዚህ ሳህን ሲላጥ ከነጩ ሥር ብቅ የሚለው ጠቆር ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቅብ ነው። እኛ ዝገት መስሎን ስንት ጊዜ በአሸዋ ፈተግነው!

ነጩ የራሱ ታሪክ አለው። በፊት ቅቡን የሚያነጣው የቲን ኦክሳይድ ነበር፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ አምራቾች ወደ ርካሹ አንቲሞኒ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 እንግሊዝ አገር በወጣ ዘገባ መሠረት፣ አንቲሞኒ ባለበት የኢናሜል ባልዲ ውስጥ ያደረ የሎሚ መጠጥ የጠጡ 70 ሰዎች ታመሙ። የሎሚው አሲድ አንቲሞኒውን ከቅቡ አውጥቶት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቲታኒየም ቦታውን ያዘ። እሱ በስሱ ተቀብቶም ብረቱን ይሸፍናል፣ አሲድንም የተሻለ ይቋቋማል፤ እሳት ከበዛበት ግን ንጣቱ ወደ ክሬም ይለወጣል።

አረንጓዴው ከክሮሚየም፣ ቡናማው ከብረት ይገኛል። ደማቁ ቀይና ብጫ ብዙ ጊዜ ካድሚየም አለበት፤ ይህም መርዛማ ነው። ቅቡ በደንብ ካልተሠራ አሲድ ያወጣዋል።

ይህን ስናነብ ሁላችንም ያሰብነው ስለ ሊጥ ነው። የሎሚው መጠጥ ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ የእኛ ሊጥ ግን ሁለት ሦስት ቀን እየኮመጠጠ ይቀመጣል። እናም ውጭ ጫፋቸው ብቻ የተላጠ ነጭ ሳህኖች ይቆዩ ብለናል። ውስጣቸው የተላጠ ለእህል መስፈሪያ ይሁኑ። ውስጡ ቀይ የሆነው ትልቁ ሳፋ፣ ስንት ድግስ ሊጥ ያቦካንበት፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ ሆኗል። ምትኩን ለመግዛት ከኪራዩ ገቢ ስንት እንደምናወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን።