በማዕከል የሚተዳደሩ የቢሮ ኮምፒውተሮችና የተገልጋዮች ሰነድ

በማዕከል በሚተዳደሩ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያሉ የቢሮ ሶፍትዌሮች በየማሽኑ በእጅ አይጫኑም። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የሚጫኑትን ፕሮግራሞች፣ ቋንቋውንና የማሻሻያውን ሥርዓት በአንድ የቅንብር ፋይል ወስነው በኔትወርክ ያሰራጫሉ። ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ፈቃድ ፕሮግራምም ሆነ ፎንት መጨመር አይችልም።

ተገልጋዩን በቅርብ የሚነካው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ከዩኒኮድ ውጪ የሆኑት የቀድሞ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ግን የአማርኛውን ቅርጽ ለላቲን ፊደላት በተመደበ ኮድ ላይ ያስቀምጣሉ። በእነርሱ የተጻፈ ማመልከቻ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምችት ሆኖ ይታያል። ሰነድ ተቀባዩ ሠራተኛ ፎንቱን መጫን ስለማይችል ሰነዱን የሚመልሰው ከቸልተኝነት አይደለም፤ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ግን በዚሁ መካከል ሊያልፍ ይችላል።

የፎንቱን ስም ወደ ኒያላ መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ከሥር ያለው ኮድ አይለወጥምና። ጽሑፉ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ጊዜ ለሌለው አመልካች ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ በትክክል ይነበባል፤ ሆኖም ጽሑፉ በአግባቡ ስለማይገለበጥ ሠራተኛው ስሙን በእጁ ይጽፋል። እንዲህ ባለ አጋጣሚ «ኃይሉ» «ሀይሉ» ሆኖ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ አመልካቹ የተመዘገበውን ስም ከመታወቂያው ጋር እዚያው መስኮቱ ላይ ሊያመሳክር ይገባል።