ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግናል?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተወሰደ)

 

እስቲ በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ወሩ ሐምሌ ነው። ጊዜው ሌሊት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጣሪያው አንድ ጠብታ ጠብ አለች። ሌላም ተከተለች። እናት ተነሥታ ልጆቹን ወደ ጥግ ሳበቻቸው። ከጠብታውም ሥር ሳፋ አኖረች። ቤቱ የኪራይ ቤት ነው።

ሲነጋ አባት ወደ አከራዩዋ ሄደ።

«እትዬ፣ ጣሪያው ያፈሳል» አላቸው።

«ልጄ፣ የምትኖርበት አንተ ነህ፤ አንተው አስጠግነው» አሉት።

«ኪራዩን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«እሱንማ በልቼው ነው የማድረው። ከየት አምጥቼ ላስጠግን?»

ነገሩ በዚህ ቆመ። ዝናቡ ግን አልቆመም።

እንግዲህ ማን ነው ልክ? እናንተስ ምን ትላላችሁ? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሰው ቤት ማከራየት ከጀመረ ጀምሮ አብሮን አለ። በየዘመኑም የተለያየ መልስ ተሰጥቶበታል። ዛሬ አዲስ አበባን ምሳሌ አድርገን ታሪኩን እናያለን። ከታሪኩም ለአከራይም ለተከራይም የሚጠቅም ነገር እናገኛለን።

ከሰፈር ወደ ከተማ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ። እያንዳንዱም መኰንን ወታደሩንና አሽከሩን ይዞ በተሰጠው ቦታ ላይ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ዓይነቱ አሰፋፈር ነው። ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ደግሞ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች የኖሩበት ነው። በዚያን ጊዜ ብዙው ሰው ከጌታው አጠገብ ስለሚያድር የቤት ኪራይ እንደ ዛሬው የከተማ ሕይወት መሠረት አልነበረም።

ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍም ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት ተገኘ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይጎርፍ ጀመር። የመጣው ሰው ቦታ የለውም። ማደሪያ ግን ያስፈልገዋል። ቦታ ያለው ሰው ደግሞ በግቢው ጥግ ላይ ክፍል እየቀጠለ ያከራይ ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂቱ ባለቦታ፣ ብዙው ተከራይ ሆነ።

የሚከራየው ቤት በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቋሚ ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ይመረጋል፤ በላዩ ቆርቆሮ ይመታበታል። ለመሥራት ርካሽ ነው። ለቸልተኛ ሰው ግን ውድ ነው። ለምን? የጭቃ ቤት ጠላቱ ሁለት ነውና፤ ውሃና ምስጥ።

እስቲ በልባችሁ ተከታተሉኝ። አንድ የጣሪያ ሚስማር ላላ። በዚያች ቀዳዳ ውሃ ገባ። ውሃው ግድግዳውን አራሰው። ምርጊቱ ተላጠ። ቋሚው ረጥቦ በሰበሰ። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ግድግዳው አዘነበለ። በአንድ ሚስማር ይድን የነበረ ቤት አሁን በአዲስ ቋሚና በአዲስ ቆርቆሮም መዳኑ ያጠራጥራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን አለ?

በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ይናገራል። አከራይ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ የማስረከብና በዚያው ሁኔታ እንዲቆይ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። ተከራይም ኪራዩን በጊዜው የመክፈልና ቤቱን በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ አለበት ይላል።

ጥገናውንስ? ሕጉ ለሁለት ከፈለው። በውላቸው ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ እንደ በር፣ እንደ መስኮት፣ እንደ ወለልና እንደ ቧንቧ ያለው ቀላል ጥገና የተከራይ ነው። ዕቃው የተበላሸው በእርጅና ወይም ከሰው ዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን ቀላሉም ጥገና በተከራይ ላይ አይወድቅም። ጣሪያን፣ ግድግዳንና መሠረትን የመሰለው ከባድ ጥገና የአከራይ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ከሄድን የእትዬና የተከራያቸው ክርክር መልስ አለው። ጣሪያው የአከራይ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ። ሕጉ የተጻፈው በወረቀት ላይ ነበር። ብዙው አከራይና ተከራይ ግን የሚዋዋለው በቃል ነበር። ወረቀት ቢኖርም የማያነብ ሰው በአሻራው ይፈርማል፤ በምን ላይ እንደ ፈረመ ግን አያውቅም። የማያነቡት ሕግ ደግሞ ጣሪያ አይደፍንም።

የ1967ቱ አዋጅ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። በግል ቤት ማከራየትም ቀረ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ።

ተከራዩ እፎይ አለ። ከወር ደመወዙ ለልጆቹ የሚተርፍ አገኘ። «ውጣልኝ» የሚል ድምፅም ቀረለት። ይህ እውነት ነው። በሌላ በኩል ሁለት ክፍል አከራይተው በዚያች የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ኑሯቸው ተናጋ። ይህም እውነት ነው። ታሪክ ስናነብ ሁለቱንም ማየት አለብን።

ታዲያ ጣሪያውስ? እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከተቀነሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከፍ ሳይል ቆየ። የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የሲሚንቶ ዋጋ ግን ከዓመት ዓመት ወጣ። ከቤቶቹ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃም። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን ለማፍሰስ ሠጋ። ላድስ ቢልም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም አለ፤ ተከራዩ ቤቱ የኔ አይደለም አለ። በመካከል ቤቱ አረጀ። በአዲስ አበባ የብዙ የቀበሌ ቤቶች ጣሪያ የዛገው፣ ግድግዳቸው የተጣመመው፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኋላም ከተማዋ ስትታደስ ብዙዎቹ ፈረሱ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ከወር ኪራይ ውስጥ አንዱ ድርሻ የአከራዩ ቢሆንም፣ ሌላው ድርሻ የጣሪያው ነው። በፊት ብዙ አከራይ የጣሪያውን ድርሻ በላ። በኋላ ደግሞ ኪራዩ ራሱ የጣሪያውን ድርሻ የማይችል ሆነ። አከራዩ ግለሰብም ይሁን መንግሥት፣ የጣሪያው ድርሻ ከጠፋ ቤቱ ይፈርሳል።

ማከራየት ተመለሰ

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ ሰው ቤት ሠርቶ እንዲያከራይ በር ተከፈተ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ እየሰፋ ሄደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ደግሞ ብዙ አዳዲስ አከራዮችን ፈጠረ። በኮንዶሚኒየም ጣሪያውና ደረጃው የጋራ ነው። ጥገናውም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ኃላፊነት ነው። ስለዚህ እዚያ የሚያከራይ ሰው የማኅበሩን መዋጮ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አከራይ በፈለገ ጊዜ ኪራይ መጨመር አይችልም። ስለዚህ አከራይ የጣሪያውን ድርሻ ማሰብ ያለበት ውሉን ከመፈረሙ በፊት ነው። ቆርቆሮው ሲቀደድ ተነሥቶ ኪራይ ልጨምር ቢል አይሆንለትም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከታሪኩ ወደ ቤታችን እንመለስ። ቤት ለምታከራዩም ለምትከራዩም አምስት ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። ደላላው ነገሩን ስላጣደፈው አትፈርሙ።

ሁለተኛ፤ ተከራዩ ሳይገባ ቤቱን አብራችሁ እዩ። ስንት በር አለ? መስተዋቱ ደኅና ነው? ቧንቧው ያንጠባጥባል? የመብራቱና የውሃው ቆጣሪ ስንት ላይ ነው? ሁሉንም ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሲወጣ ክርክር አይኖርም።

ሦስተኛ፤ የትኛውን ጥገና ማን እንደሚያደርግ በስም ጻፉ። «ጣሪያና ግድግዳ የአከራይ፤ የተሰበረ መስተዋትና ቁልፍ የተከራይ» ተብሎ ይጻፍ። ሽንት ቤት ሲሞላ ማን እንደሚያስመጥጥም ይጻፍ። ብዙ ጎረቤት የተጣላው በዚህ ነው።

አራተኛ፤ አከራዮች ሆይ፣ የጣሪያውን ድርሻ ለዩ። ሒሳብ እንሥራ። ኪራያችሁ በወር 3,000 ብር ነው እንበል። ከዚያ ላይ በየወሩ 300 ብር ብታስቀምጡ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። በሁለት ዓመት 7,200 ብር ነው። ያን ጊዜ «ከየት አምጥቼ?» አትሉም።

አምስተኛ፤ ቤታችሁን በበጋ እዩ። ግንቦት ሳያልቅ መሰላል አቁማችሁ ሚስማሩን፣ ክዳኑንና አሸንዳውን መርምሩ። የግቢውን ቦይ ጥረጉ። ተከራይም ጠብታ ባየ ቀን ይናገር። ዝም ብሎ የከረመ ተከራይ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ውድ አድማጮች፣ እትዬንና ተከራያቸውን አልረሳናቸውም። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። እሳቸው ከኪራይ በቀር ገቢ የላቸውም። እሱም ከደመወዙ የሚተርፍ የለውም። በመካከላቸው የጎደለው አንድ ወረቀትና በየወሩ የምትቀመጥ ጥቂት ገንዘብ ናት። ያ ወረቀት ቢኖር ኖሮ፣ ሁለቱም ቢያነቡት ኖሮ፣ ያን ሌሊት ልጆቹ በደረቅ ቦታ ይተኙ ነበር።

አሁን እናንተ ማንበብ ጀምራችኋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ የኪራይ ውል ካለ አውጡት። መብራት አጠገብ ተቀመጡ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ አንብቡት። ስለ ጣሪያው የሚናገር ቃል አለበት? ከሌለበት ነገ ከአከራያችሁ ወይም ከተከራያችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ጨምራችሁም ጻፉት።

ጤና ይስጥልኝ።