መክረሚያ

ግንቦት ሊገባደድ ሲል እናቴ ስልክ ትደውልልኛለች። የጤናዬን ነገር ጠይቃ ስታበቃ «ጣራውን መቼ መጥተህ ታይልኛለህ?» ትላለች። በባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ ለእኔ ግን ክረምት የሚገባው ያቺ ስልክ በጮኸች ዕለት ነው። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ወቅት መጻሕፍቱ ጸደይ ይሉታል፤ ገበሬው በልግ ይለዋል፤ በእኛ ቤት የቆርቆሮ ምስማር መግዣ ወቅት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የጠፋብንን ወዳጅ ስናገኝ «የት ከረምክ?» ብለን እንጠይቀዋለን። መጪውን ዓመት «ከርሞ» እንለዋለን። ሁለቱም ከክረምት የተወለዱ ናቸው። በጋን ሰው የትም ያሳልፈዋል፤ ክረምትን ግን ጣራ ያስፈልገዋልና፣ የከረመበትን መጠየቅ ኑሮውን መጠየቅ ነው።

ለነገሥታቱም እንዲሁ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ሀገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል መናገሻ የድንኳን ከተማ ነበር። ንጉሡ ሲነሡ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ ማገዶውና የከብቱ ሣር ባለቀበት ስፍራ ብዙ አይቆይም። ይሁን እንጂ ወንዞች ሲሞሉና መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሠራዊት መንቀሳቀስ አይችልም፤ ድንኳንም የሐምሌን ዶፍ አይችልም። ስለዚህ የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ዘመቻውን ሲተርኩ ቆይተው ንጉሡ የት እንደ ከረሙ መጻፍን እምብዛም አይረሱም።

እነዚያ መክረሚያዎች ውለው አድረው የድንጋይ ግንብ አበቀሉ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ሠሩ፤ በ1628 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መሠረቱ። የጎንደርን መቆርቆር በሃይማኖት ውዝግብና በንግድ መንገድ የሚተረጉሙ ሊቃውንት አሉ፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን ዝናቡም ድርሻው ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ። ሰውን ከአንድ ቦታ ያስቀመጠው ከጠላትም ከወዳጅም ይልቅ ጭቃ ሳይሆን አልቀረም።

አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍልውኃ ሜዳ ስትወርድ ቤቷ በአብዛኛው ክብ የሣር ጎጆ ነበር። የሣር ክዳን ሥራው ብዙ ነው። ሣሩ ከክረምት በኋላ ይታጨዳል፤ ደርቆ ይከመራል፤ በበጋ ይከደናል፤ በግንቦት ደግሞ የሳሳው እየተፈለገ ይደረባል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ዐይን ቢያስለቅስም ክዳኑን ከነቀዝና ከብስባሽ ይጠብቀዋል። ሥራው ለአንድ ሰው ስለማይገፋ ደቦ ይጠራል፤ ጠላ ይጠመቃል። ጎረቤት ማለትም ጣራህ ላይ የወጣ ሰው ነው።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመጣ የነበረው የባሕር ማዶ ዕቃ አሁን በፉርጎ መጣ፤ ቆርቆሮውም እየረከሰ፣ ከመኳንንቱ ግቢ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ድኻው ወረደ። ቆርቆሮ ክብ ቤት አይወድም፤ በረጅሙ መነጠፍ ይፈልጋል። እናም ጎጆው ማዕዘን አወጣ፤ ምሰሶው ከመካከል ጠፋ፤ ግድግዳው ግን ያው ጭቃና ጭድ ሆኖ ቀረ። ብረት ለብሶ ጭቃ ላይ የቆመው ይህ ቤት ሙሉ ኑሮውን የሚያሳልፈው አንዲት የላላች ምስማር እየፈራ ነው። ውኃ በዚያች ቀዳዳ ከገባ ምርጉን ያረጥባል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ የግድግዳው እግር ይፈርሳል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ቀኑን ልብ ይበሉ፤ ክረምቱ እምብርት ላይ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ድኻ ከመባረር ዳነ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የኪራዩ ሳንቲም ምስማር እንኳ የማይገዛ ሆነ። ባለቤቱ የለም፤ ቀበሌው አቅም የለውም፤ ተከራዩ «የእኔ ላልሆነ» ይላል። ለደቦ የሚጠራው ማን ነው? አያቴ በዚያ አዋጅ ማግስት የቀበሌ ተከራይ ሆነች፤ እናቴ ከእርሷ ተቀበለች፤ እኔ ከጣራው በሚወርድ ጠብታ ሥር ሳፋ እያስጠጋሁ ፊደል ቆጠርሁ።

ዘንድሮ ስልኩ ሲደወል እምቢ ለማለት ቆርጬ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል፤ የእኛም ሰፈር ተራው እንደሚደርስ ይወራል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሒሳቡን በወረቀት አሰላሁት፦ ስምንት ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ለአሸንዳው መበየጃ፣ ለአናጢው ሁለት ቀን። የደመወዜን ጉልህ ክፍል፣ የእኛ ላልሆነና ነገ ለሚፈርስ ቤት። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነገርኋት።

እማዬ አቋረጠችኝ። «መፍረሱንስ ሰምቻለሁ፤ እስኪፈርስ ድረስ የት ልከርም?»

መልስ አልነበረኝም። አናጢው የሰፈራችን ሰው ነው፤ «እናትህ ናት» ብሎ የአንዱን ቀን ዋጋ አልቀበልም አለ። ጎረቤታችን የሆነ ጎረምሳ መሰላሉን ያዘ። የዛገውን ቆርቆሮ ስንነቅል ከሥሩ የአባቴ ምስማሮች ወጡ፤ ለውኃ መከላከያ ከአሮጌ ጫማ ቆርጦ ያደረጋቸው ክብ ጎማዎች እንደ ተጣበቁ ነበሩ። ቦዩን ጠረግን፤ የግድግዳውን እግር መረግን፤ ስንጥቁን በሬንጅ ደፈንን። እናቴ ቡና አፈላች።

ማታ ሳፋውን ከራስጌዋ ላነሣላት ጎንበስ ስል ከአልጋው ሥር ሁለት አዲስ ቆርቆሮ ተነጥፎ አየሁ። እኔ የገዛሁት ስምንት ነበር፤ ስምንቱም ጣራው ላይ ነው። እነዚህ ምንድን ናቸው ብዬ ጠየቅኋት።

«ለከርሞ ናቸው» አለችኝ።