ስለ መልካሳ ውኃና ስለ ኩሬ ጠባቂዎች

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መልካሳ በአዋሽ ዳር የተቀመጠች ስለ ሆነች ስሟ ከውኃ ጋር ቢዛመድ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚያርሰው ገበሬ ተስፋው በሰማይ ላይ ነው፤ ዝናሙም በብዛት የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለቀሩት ወራት የከብቱ መጠጫ በጐርፍ መውረጃ ላይ የተቆፈረ ኩሬ ነው።

ከዚያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለችው አዳማ በኮረብቶች ተከባ በጐድጓዳ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በዚህ ሜዳ አለፈ፤ ከተማዪቱም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ለሐዲድና ለገበያ የተመቸው ሜዳ ግን የኮረብታው ውኃ ሁሉ መሰብሰቢያም ነው። ቆርቆሮውና አስፋልቱ በበዛ ቁጥር ውኃው የሚሰርግበት መሬት አነሰ። ስለዚህ በክረምት ሌሊት እናት ልጆቿን አልጋ ላይ ሰብስባ የጐርፉን መጉደል ትጠብቃለች።

ቦዩን ማስፋት ይበቃል የሚሉ አሉ። ቦይ ግን ጐርፉን ለታችኛው ጎረቤት ያስረክበዋል እንጂ አያስታግሠውም፤ የሚያስታግሠው ከላይ የሚያቆየው ነው።

በዚሁ ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ብንወርድ የኮንሶ ሰዎች «ሃርዳ» የሚሉትን ኩሬ እናገኛለን። እርከናቸውና በድንጋይ የታጠሩ መንደሮቻቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ሃርዳውም አብሮ ተቈጥሯል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን የድንጋዩ አደራረብ አይደለም፤ ኩሬውን ሕዝቡ በኅብረት መሥራቱና በኅብረት መጠበቁ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአገራችን በየደጁ ኩሬ በዘመቻ ተቈፈረ። ብዙው ውኃውን አሰረገ፤ ብዙው በደለል ሞላ፤ ቆፋሪ ሞልቶ ጠባቂ አልነበረምና። ትልቁም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ከመልካሳ በላይ በአዋሽ ላይ የተሠራውና በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ እንኳ ከደጋ በሚጋዝ አፈር ብዙ ስፍራውን አጥቷል።

እንግዲህ በአዳማ ኮረብቶች ግርጌ ኩሬ ይታደስ ሲባል፣ ኩሬው የሚያርፈው በገበሬው መሬት ላይ ነው፤ ከጐርፍ የሚድነው ግን የከተሜው ቤት ነው። ደለሉን ገበሬው ብቻውን ይጥረግ ማለት ፍርድ አይሆንም። ውኃው ለከብቱ፣ ደለሉም ለማሳው ይሁንለት፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የሚጠርጉትን ሰዎች ደመወዝ ግን ከተማው ይክፈል።