ሩጠብ ሲደርቅ ምን ይቀንሳል?



ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩጠብን፣ ማለትም እሸቱን ተምር፣ በደረቅ ተምር ስለመለወጥ ተጠየቁ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሩጠብ ሲደርቅ ይቀንስ እንደሆነ እርሳቸውም ጠየቁ። «አዎ» ሲባሉ ከለከሉ።

የሚቀንሰው በዋናነት ውሃው ነው። ከመነሻውም ጥቂት የሆነው ቫይታሚን ሲ አብሮት ይመናመናል። ስኳሩ፣ አሰሩና ፖታሲየሙ ግን በተጨማደደችው ፍሬ ውስጥ ታጭቀው ይቀራሉ። ውሃ ያነሰው ፍሬ ቶሎ አይሻግትም፤ የመዲና ቤተሰብም ከመከር እስከ መከር የሚሰነብተው በዚሁ ነበር። በሙቀት ብዙ ከቆየ ይጠቁራል።

አንዳንድ የስኳር ሕመምተኞች «ደረቅ ነው፣ ምን አለው?» ሲሉ እሰማለሁ። ፍሬ በፍሬ ከተቆጠረ ስኳሩ ተቀራራቢ ነው፤ በእፍኝ ሲዘገን ግን የደረቁ ይበልጣል።