ጥያቄና መልስ በሊኑክስ ማህበረሰብ

በሊኑክስ ማህበረሰብ ውስጥ ጥያቄና መልስ ማለት የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች የገጠማቸውን ቴክኒካዊ ችግር በአደባባይ የሚጠይቁበት፣ ሌሎች ተጠቃሚዎችና ፕሮግራመሮች ደግሞ ያለ ክፍያ የሚመልሱበት ልማድ ነው። ሊኑክስ ክፍት ምንጭ በመሆኑ ማንም ሰው አውርዶ ሊጠቀምበት፣ ሊቀይረውና ሊያከፋፍለው ይችላል። ይሁን እንጂ ከርነሉ የሚተዳደርበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ዋስትና እንደሚሰጥ በግልጽ ያስቀምጣል። እንደ ሬድ ሃትና ካኖኒካል ያሉ ኩባንያዎች በክፍያ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ዋና ደንበኞቻቸው ግን ድርጅቶች ናቸው። በነጻ አውርዶ የጫነ ተማሪ አንድ ነገር ሲበላሽበት የሚጠይቀው እንደ እርሱ ያለውን ተጠቃሚ ነው።

አጀማመር

ሊኑክስ ራሱ የተጀመረው በአደባባይ በቀረበ ጥያቄ አካባቢ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ሰኔ 26 ቀን 1983 ዓ.ም. (ጁላይ 3 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.) ማይኒክስ የተባለው አነስተኛ ስርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት የዩዝኔት ቡድን ውስጥ የፖዚክስ መስፈርት ሰነድ በኮምፒውተር በሚነበብ መልክ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ፖዚክስ የዩኒክስ ዓይነት ስርዓቶች ለፕሮግራሞች ማቅረብ ያለባቸውን አገልግሎት የሚወስን መስፈርት ነው። ነሐሴ 19 ቀን በዚያው ቡድን ውስጥ አዲስ ስርዓተ ክወና እየሠራ መሆኑን ገለጸ፤ ሰዎች ከማይኒክስ የሚወዱትንና የማይወዱትን እንዲነግሩትም ጠየቀ። የመጀመሪያው ቅጂ፣ 0.01፣ በሴፕቴምበር ወር ፊንላንድ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ተቀመጠ። ቶርቫልድስ «ፍሪክስ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ማህደሩን የከፈተለት አሪ ሌምኬ ግን «ሊኑክስ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ተጠቃሚው ሲበዛ አንድ ዓይነት ጥያቄ መመላለስ ጀመረ። በ1992 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሊኑክስ ዶክመንቴሽን ፕሮጀክት «ሃውቱ» የተባሉ መመሪያዎችን አሰባስቦ በነጻ ያሰራጭ ነበር። እነዚህ መመሪያዎች በመኖራቸው «መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ» ማለት የተለመደ መልስ ሆነ።

ጥያቄው ምን መያዝ አለበት

አንድ ሰው «ኮምፒውተሬ ላይ አማርኛ አይሠራም» ብሎ ቢጠይቅ መላሹ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን መጠርጠር አለበት። ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን ሆነው የሚታዩ ከሆነ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ነው፤ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን መጫን ይበቃል። ጽሑፉ በትክክል እየታየ መጻፍ ብቻ ካልተቻለ ችግሩ በኪቦርዱ የማስገቢያ ዘዴ ላይ ነው፤ ለዚህ እንደ አይባስና ኪማን ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። አንድ የቆየ ሰነድ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ ደግሞ ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ ውጭ በተሠራ ፎንት ሳይሆን አይቀርም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው የግዕዝ ቅርጽ ይሰጡት ስለነበር፣ አዲስ ፎንት ቢጫንም ሰነዱ አይስተካከልም፤ የሚያስፈልገው የድሮው ፎንት ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ሦስቱም ጠያቂዎች የጻፉት ግን ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ከጠያቂው የስርጭቱ ስምና የእትሙ ቁጥር (ለምሳሌ ኡቡንቱ 22.04)፣ የከርነሉ እትም፣ የዕቃው ሞዴል፣ እንዲሁም ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደተቀየረና ምን እንደተሞከረ ይጠበቃል። የስህተት መልእክቱ ደግሞ ቃል በቃል መገልበጥ አለበት። «አንድ ኤረር አወጣ» የሚል ጥያቄ ለመላሹ ምንም አይነግረውም፤ በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶም ቢሆን ጽሑፉ ስለማይፈለግ በኋላ ያንኑ መልእክት ያየ ሌላ ሰው ፈልጎ አያገኘውም።

የዋይፋይ ጥያቄዎች የዕቃው ዝርዝር ለምን እንደሚጠየቅ በደንብ ያሳያሉ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው የተለያየ የዋይፋይ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ መልሱን የሚወስነው ቺፑ እንጂ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም። ብዙ ቺፖች ለመሥራት የአምራቹን ፈርምዌር ይፈልጋሉ፤ ፈርምዌሩ ግን ብዙ ጊዜ ነጻ ሶፍትዌር አይደለም። ዴቢያን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለውን ፈርምዌር በይፋዊው መጫኛ ውስጥ አያካትትም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. አባላቱ ድምፅ ሰጥተው አሠራሩ ተለወጠ፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። ስለዚህ «ዴቢያን ላይ ዋይፋይ አልሠራ አለኝ» ለሚል ጥያቄ መልሱ እንደ እትሙ ይለያያል።

አንዳንዴ ጥያቄው ግልጽ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ነገር ይጠየቃል። ይህ «የኤክስና የዋይ ችግር» ይባላል፦ ሰውየው ያለበት ችግር ኤክስ ሆኖ ሳለ፣ መፍትሔ የመሰለውን ዋይን ብቻ ይጠይቃል። ለምሳሌ አንድ ተጠቃሚ በየሰዓቱ ራሙን የሚያጸዳ ስክሪፕት እንዴት እንደሚጻፍ ሊጠይቅ ይችላል። ሲጣራ ግን ምንም የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ሊኑክስ ሥራ ያልያዘውን ራም ከዲስክ የተነበበ መረጃ ማቆያ ያደርገዋል፣ ፕሮግራም ሲፈልገውም ወዲያው ይለቅለታል። ስክሪፕቱ ቢጻፍለት ኮምፒውተሩ ይበልጥ ይዘገያል።

መልስ ሰጪዎች

ሰዎች ያለ ክፍያ ለምን ይመልሳሉ? ካሪም ላክሃኒና ኤሪክ ቮን ሂፐል በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንን ጥያቄ የመረመሩት በአፓቼ ተጠቃሚዎች ላይ ነው። አፓቼ ስርዓተ ክወና ሳይሆን ክፍት ምንጭ የድር ሰርቨር ነው፤ የእርዳታ ልማዱ ግን ተመሳሳይ ነበር። እንደ ጥናቱ ከሆነ መላሾች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የሌሎችን ጥያቄና መልስ ለራሳቸው ትምህርት ሲያነቡ ነው። መልሱን አስቀድመው ስለሚያውቁት መጻፉ ብዙ ጊዜ አይወስድባቸውም።

ትዕግሥት ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ኤሪክ ሬይመንድ ከሪክ ሞይን ጋር ያዘጋጀው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውና ስለ ብልህ አጠያየቅ የሚናገረው ጽሑፍ ጠያቂው አስቀድሞ ራሱ እንዲፈልግ ይመክራል። ምክሩ ዛሬም ይሠራል፤ ሆኖም ለጀማሪ የተላከ የጽሑፉ አድራሻ ብቻውን ምክር ሳይሆን ስድብ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። መመሪያውን አንብቦ ያልገባውን ሰው «መመሪያውን አንብብ» ማለትም አይረዳውም። የመጀመሪያ እትሙ ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. (ኦክቶበር 20 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.) የወጣው ኡቡንቱ አባላቱ ሌላውን እንዲያከብሩ የሚጠይቅ የሥነ ምግባር ደንብ አለው። የሊኑክስ ከርነል ፕሮጀክትም በሴፕቴምበር 2018 ተመሳሳይ ደንብ ተቀበለ፤ በዚያው ወቅት ቶርቫልድስ ለሻካራ አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቋል።

ያረጁና አደገኛ መልሶች

ትክክል የነበረ መልስ ከጊዜ በኋላ ስህተት ሊሆን ይችላል። ኡቡንቱ በ15.04 እትሙ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውን አፕስታርት በሲስተምዲ ተካ፤ በ17.10 ደግሞ ከዩኒቲ ወደ ግኖም ተመለሰ። ለ14.04 የተጻፈ መልስ በነዚህ ጉዳዮች ላይ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ስላነበበው በፍለጋ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መላሹ እትሙን፣ አንባቢው ደግሞ ቀኑን ማየት አለበት።

የባሰው ሆን ተብሎ የሚሰጥ የተሳሳተ መልስ ነው። ለቀልድ ተብሎ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋ ትዕዛዝ ለጀማሪ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። በ«ሱዶ» የሚጀምር ትዕዛዝ ሙሉ ሥልጣን ስላለው፣ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ተርሚናል ላይ መለጠፍ የለበትም።

መፍትሔውን መመለስ

ጠያቂው ችግሩ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ እንዴት እንደተፈታ መጻፍ ይጠበቅበታል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ ነው። ራንዳል መንሮ በ2011 እ.ኤ.አ. በኤክስኬሲዲ የሣለው አንድ ካርቱን ያንኑ ችግር ከዓመታት በፊት የጠየቀ፣ መልስ ግን ያላገኘ ሰው ስለሚያገኝ ተጠቃሚ ነው። «ፈትቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መፍትሔውን ሳይጽፍ የሄደ ሰው ከዚህም በላይ ያበሳጫል። በግል መልእክት የተሰጠ መልስም እንዲሁ ለአንድ ሰው ብቻ ይቀራል፤ ስህተት ቢኖርበት የሚያርመው የለም።

አብዛኛው መልስ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ተጨማሪ እንቅፋት ነው። ገጽታውን ወደ አማርኛ የቀየረ ተጠቃሚ የስህተት መልእክቱ በአማርኛ ከመጣለት ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ለዚያ አንድ ትዕዛዝ ብቻ የቋንቋ ቅንብሩን «ሲ» ወደሚባለው መደበኛ ቅንብር ቀይሮ ማስኬድ ይቻላል፤ መልእክቱ ያኔ በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ የተቀረው ገጽታ ግን በአማርኛ እንዳለ ይቆያል።